ባክቴሪያው የቀረበበት ስብሰባ

በደርግ ዘመን አምቦ ውስጥ በአንድ የእርሻ ላቦራቶሪ ረዳት ነበርኩ። አለቃችን ከጌዶ በላይ ካለው ጫካ የሚበላ እንጉዳይ አስመጥቶ፣ ዘሩን አባዝቼ ለገበሬ አድላለሁ ብሎ ለበላዮቹ ቃል ገብቷል። ሥራው የእኔ ነው፤ ከእንጉዳዩ ሥጋ ቆንጥሬ ክዳን ባለው የብርጭቆ ሳህን ውስጥ፣ በድንች ውሃ በተሠራ ምግብ ላይ አሳድጋለሁ። ከነጩ የእንጉዳይ ክር ጎን ግን ሁልጊዜ የሚያዳልጥ ቢጫ ነገር ይወጣል። የአፈር ባክቴሪያ ነው፤ ከጫካው አብሮት የመጣ ጎረቤቱ። ሲጎዳው አላየሁም፤ እንዲያውም ቢጫው አጠገብ ያለው ክር ይፋፋ ነበር።

ይህን ለአለቃችን ብናገር ሳቀብኝ። «ይልቅ እጅሽን ታጠቢ» አለ። ሰው ሁሉ እያየ አልኮል እያፈሰሰ፣ ቆዳዬ እስኪሰነጠቅ አሳጠበኝ። ከዚያ ራሱ ጋዋን ለብሶ ሠራው፤ ያው ቢጫ ወጣ። ምን ቢል ጥሩ ነው? ሳህኑን ያጠበችው እሷ ናት!

ያን ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ ሂስና ግለሂስ የሚባል ስብሰባ ነበር፤ ሰው እየተነሳ ጥፋቱን ይናዘዛል። ባክቴሪያው አጀንዳ ሆኖ ቀረበ። ዛሬ ብናገር ማን ያምነኛል? አለቃዬ የበላዮቹን ፈርቷል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። አስቀድሞ ቢሮው ጠርቶ፣ «አሻጥር ነው ከተባለ ትታሰሪያለሽ። ቆሻሻ ነኝ ካልሽ ግን በማስጠንቀቂያ ታልፊያለሽ፤ ሥራሽም አይነካም» ብሎኛል። አባቴ ሞቶ እናቴንና ወንድሞቼን የማበላው እኔ ነበርኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት የጽዳት ሠራተኛ ጉልበቴን ያዝ አድርገው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጥርስሽን ነክሰሽ እመኚላቸው» አሉኝ።

ተነሳሁ። «ጓዶች፣ ቆሻሻ ነኝ። በቆሻሻ እጄ የሕዝብ ንብረት አበላሽቻለሁ።»

አጨበጨቡ። አብረውኝ ምሳ የሚበሉት ሁሉ አጨበጨቡ። የዚያን ቀን ጠላኋቸው፤ ዛሬም አልወዳቸውም።

ሰኞ ጠዋት ስገባ ጋዋኔን ሌላ ልጅ ለብሳዋለች። አለቃዬ ዘንድ ሮጥኩ። «በማስጠንቀቂያ ታልፊያለሽ ብለውኝ አልነበረም ወይ?»

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «አንቺ ሴትዮ፣ ቆሻሻ ነኝ ብለሽ በገዛ አፍሽ ለሠራተኛው ሁሉ ተናግረሽ፣ እንዴት ብዬ ላቦራቶሪ ላስገባሽ?» አለኝ።