ወደ መንገዱ የምታሳየው መስኮት

ጡረታ ወጥቼ ባለቤቴን ከቀበርኩ በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልሆነልኝም። ከቡታጅራ ወጣ ብላ ካለች ኩሬ ዳር ዳክዬዎችን ተደብቄ የምመለከትባት ጎጆ ልሠራ ተነሳሁ። ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ፤ ለማይበላ ወፍ ማድፈጥ ምን የሚሉት ነው? ይሳቁ፣ የራሳቸው ጉዳይ!

ስፋቷን በከዘራዬ ለክቼ ቀርከሃ ተከልኩ፤ በቃጫ አሰርኩት፤ ዙሪያዋን በደረቀ የእንሰት ቅጠል ሸፈንኩ። በኩሬው በኩል ጠባብ መመልከቻ ተውኩላት። ከጀርባዬም ወደ አስፋልቱ የምታሳይ መስኮት ከፈትኩ፤ ለነፋስ ነው ብዬ።

ገብቼ በተቀመጥኩ ቁጥር ዳክዬዎቹ ተነስተው ይበራሉ። ሳል እንኳ አፍኜ ይዤ! ተናደድኩ። ቅጠል ጨመርኩ፣ ጥቁር ካፖርት ለበስኩ፤ ያው ነው።

አንድ ጠዋት ከብቶቹን ሊያጠጣ የመጣ ገበሬ «አሰላሙ አለይኩም» ብሎኝ ጎጆዋን ዞር ዞር እያለ አያት።

«ጋሼ፣ ከኋላዎ ብርሃን ይገባል። ትንሽ ከተንቀሳቀሱ ጥላዎ ይታያቸዋል። ይህችን መስኮት ይድፈኗት» አለኝና የወደቀ ቅጠል ሰብስቦ አቀበለኝ።

እውነቱን ነው። አመስግኜ ተቀበልኩት።

መስቀል ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ሚኒባሶች ሰው የሚያወርዱት ከመስኮቷ ፊት ለፊት ነው። ልጆቼ አምና አልመጡም፤ ካቻምናም አልመጡም።

ቅጠሉን መሬት ላይ አንጥፌ ተቀመጥኩበት። በማግስቱ ዳክዬዎቹ ይብረሩ አይብረሩ አላውቅም፤ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ነበር።