ሰላሳ ዓመት ሳይተያዩ የኖሩት ጎረቤታሞች

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብዬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ እየተመኘሁ ነበር... ከጎኔ ጎረቤቴ እትዬ ነፊሳ አዲስ ሻሻቸውን አስረው ስክሪኑን ያያሉ። እዚህ ጣጣ ውስጥ ያስገባኋቸው ደግሞ እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወራት በፊት ከአዲስ አበባ አንድ ዳይሬክተር መጣ። በሐረር ፀሐይ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሟል... ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። የድሮውን የቀበሌያችንን የባህል ሙዚቃ ቡድን መልሶ አገናኝቶ ዶክመንተሪ ሊሠራ ነው። ከቡድኑ እዚህ የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ማሲንቆ ተጫዋቹ ጋሽ ተፈራ፣ ከበሮ መቺው ሐጂ ዩሱፍ እና ዘፋኟ እትዬ ነፊሳ። እኔ የሰፈር ልጅ ነኝ ብዬ አገናኝ ሆንኩ።

እትዬ ነፊሳ መጀመሪያ እምቢ አሉ። ራሳቸው የደረሱት አንድ ዘፈን አላቸው። ድሮ የሬዲዮ ሰዎች ቡድኑን ሊቀዱ የመጡ ቀን እሳቸው ምጥ ላይ ስለነበሩ ዘፈኑ ሳይቀዳ ቀረ።

«ልጄ፣ የልጅ ልጆቼ እኔ እንደምዘፍን በወሬ ነው የሚያውቁት» አሉኝ። «ያንን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከቀዱልኝ እመጣለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ወላሂ ይቀዱልዎታል!» አልኩ። ወላሂ ያልኩት እንግዲህ እኔ ነኝ፣ ክርስቲያኑ።

ቀረጻው ጊደር መጋላ ገበያ መሃል ሆነ። ዳይሬክተሩ የያዘው ወረቀት ላይ «ሰላሳ ዓመት ሳይተያዩ የኖሩ ጓደኛሞች» ይላል። ችግሩ... ጋሽ ተፈራ የስፌት መኪናቸውን የሚዘረጉት ሐጂ ዩሱፍ እህል ሱቅ በር ላይ ነው! በዚያው ጠዋት እንኳ ደጁን ማን ይጥረግ ተባብለው ሲጨቃጨቁ ነው ያገኘኋቸው።

ይህን ለዳይሬክተሩ ስነግረው «በየቀኑ ከተያዩ ተመልካቹን ምን ይነካዋል?» አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይሄ ሰውዬ ግን ሁለቱንም ሆኖ ነው የመጣው።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከገበያው ሁለት ጫፍ እየመጡ እንዲተቃቀፉ ታዘዙ።

«ጋሽ ተፈራ፣ ናፍቆት! ናፍቆቱን አሳዩን!»

«አቦ ተወን! ቁርስ አብረን በልተን የምን ናፍቆት ነው?»

እትዬ ነፊሳንም «እርስዎም ይቀፏቸው» ሲላቸው «አስተግፊሩላህ! የሰው ባል ነው የማቅፈው?» ብለው ወደ ኋላ ሸሹ።

ስድስት ጊዜ ተቃቀፉ። አላረካውም። በሰባተኛው ዓይናቸው ስር የጉንፋን ቅባት ቀባቸው። እንባቸው ዱብ ዱብ ማለት ሲጀምር ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች አዩ። ሁለት ሽማግሌ ገበያ መሃል ተቃቅፎ ካለቀሰ እኛ ጋ ትርጉሙ አንድ ነው።

«ኢና ሊላሂ! ማን ሞተ?»

ማን እንደሞተ ማንም ስለማያውቅ ሁሉም የየራሱን አለቀሰ። አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን ትመታለች፣ አንዱ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ መጣ፣ ሌላው ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ እኔን ይጠይቀኛል። የጋሽ ተፈራ ባለቤት ደግሞ ባልሽ ሞቷል ተብለው ከአቦከር ሰፈር በባጃጅ እየጮኹ ደረሱ... ባላቸውን በሕይወት ሲያገኟቸው በነጠላ ጫማ አጣደፏቸው።

ዳይሬክተሩማ ሊበር ምንም አልቀረው! «አታቋርጥ! ቅረጽ! ሁሉንም ቅረጽ!» ይላል። ሰው ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው ብሎ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀም።

ማንም እንዳልሞተ አስረድተን ሕዝቡን ስንበትን ፀሐይ ልትጠልቅ ሆነ። ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ ሲጠብቁ የዋሉት እትዬ ነፊሳ ተነሱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። ገበያው ጸጥ አለ... ባለ ሽንኩርቶቹ ሳይቀሩ። በጉርብትና ስንኖር ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ዞር ስል የድምፅ ባለሙያው ማይኩን ሻንጣ ውስጥ ከቶ ገመድ ይጠቀልላል። የሚሠራው ካሜራው ብቻ ነው።

«ድምፁስ?» አልኩት ዳይሬክተሩን በሹክሹክታ።

«ስቱዲዮ እናስተካክለዋለን። አንተ አትጨነቅ።»

እኔም አልተጨነቅኩም። «ቆይ፣ ማይኩን አውጡና እንደገና ይዝፈኑ» ማለት ነበረብኝ። ግን ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው ፊት አላዋቂ መምሰሉን ፈርቼ ዋጥኩት።

እንግዲህ ቅዳሜ ፊልሙ ታየ። «የሐረር ሕዝብ በደስታ ተላቀሰ» አለ ተራኪው፤ ያቺ ደረቷን የምትመታው ሴትዮ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። ከዚያ የእትዬ ነፊሳ ፊት መጣ። አፋቸው ተከፈተ... የወጣው ግን የአንዲት ወጣት ልጅ ድምፅ ነው! ከነኦርጋኑ። ዘፈኑም የእሳቸው አይደለም።

የልጅ ልጆቻቸው ከመቀመጫቸው ተነስተው አጨበጨቡ።

የሠሪዎቹ ስም ስክሪኑ ላይ መውጣት ሲጀምር ሰው እየመጣ እጃቸውን ይጨብጣል። «ማሻአላህ! ድምፅዎ እኮ አላረጀም!» ይላቸዋል። እሳቸው «አላህ ያክብርልኝ» ይላሉ። አንዱንም አላረሙትም። ዳይሬክተሩ መድረኩ ላይ አበባ ተቀብሎ ያለቅሳል፣ ያለ ምንም ቅባት።

እትዬ ነፊሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። እኔ ስድብ ነበር የጠበቅኩት።

«ልጅቷ ጎበዝ ናት» አሉኝ ቀስ ብለው። «ማን ትባላለች?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

ስሞቹን እስከ መጨረሻው ተከታተሉ። «እሷንም አልጻፏትም?» አሉ።

አልጻፏትም። የእኔ ስም ግን «ልዩ ምስጋና» ከሚለው ስር በትልቁ ወጥቷል... ከነአባቴ።