ከመርፌ ወደ ወስፌ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ጌታ ይመስገን! አሜን በሉ እንጂ፣ ገና ሳልጀምር ደከማችሁ እንዴ? እኔ በዳዳ ነኝ፣ ጫማ ሰፊው። ግማሻችሁ እግር ላይ ያለውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ዛሬ የቆምኩት ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ነው። ሦስት እሑድ ሙሉ "የሚመሰክር አለ?" ሲባል እጄን ላነሳ እልና አንገቴን አክኬ እመልሰዋለሁ። ዛሬ ግን ባለቤቴ ብርቄ ከሴቶቹ በኩል ዐይኗን አፈጠጠችብኝ። ካልተነሳሁ ምሳ እንደሌለ ገባኝ፤ ይኸው ተነሳሁ።

ነገሩን የቀሰቀሱት ወጣቶቻችን ናቸው። ባለፈው እሑድ ከጉባኤ ስንወጣ ከበቡኝና "ጋሼ በዳዳ፣ ዕድሜዎ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደ አዲስ ሥራ ይምረጡ ቢባሉ ምን ይመርጡ ነበር?" አሉኝ። አንዱ አውሮፕላን ነጂ እሆናለሁ ይላል፣ አንዷ አስተማሪ። እኔ "ጫማ ሰፊ" አልኳቸው። ሳቁብኝ። "አሁንስ ጫማ ሰፊ አይደሉ እንዴ?" አሉ። "ነኝ፤ ግን ዘግይቼ ነው የሆንኩት። በሃያ ዓመቴ ጀምሬው ቢሆን ኖሮ የአንዲት እናት እግር ባልተጎዳ ነበር" አልኳቸው። ሳቃቸውን አቆሙ። እንግዲህ ታሪኩን እናንተም ስሙት።

እኔ የሱሉልታ ገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴም አያቴም ሞፈር እንደጨበጡ ያረጁ ናቸው። እኔ ግን ጭቃ ጠላሁ፤ ሰው ሲያየኝ ብድግ እንዲልልኝ ፈለግሁ። አዲስ አበባ ገባሁና በአንድ ሆስፒታል ወለል ጠራጊ ሆንኩ። እጄ መጥረጊያው ላይ ነው፤ ዐይኔስ የት ነው? መርፌው ላይ! ድሬሰሮቹ፣ ቁስል አጣቢዎቹ፣ እንዴት እንደሚቀቅሉት፣ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚስቡት፣ ትልቁ ሰው ሁሉ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥላቸው አያለሁ። ለምን ከዳሌ ላይ አንዲት ቦታ ብቻ መርጠው እንደሚወጉ ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሁለት ዓመት ጠርጌ አንድ የተጣለ የብርጭቆ መርፌና አንድ ነጭ ካፖርት ይዤ ወጣሁ። ቡራዩ ገበያ ጫፍ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። በሳምንቱ "ዶክተር በዳዳ" ተባልኩ።

ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ ሰዉ መርፌ እንዴት ይወድ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ኪኒን ብትሰጠው "ይኼንን ለዶሮ ስጥልኝ" ይልሃል። ካልተወጋ አልታከመም! ለራስ ምታት እወጋለሁ፣ ለወገብ እወጋለሁ፣ ልጅ ላጣች እወጋለሁ፣ ባሏ ለጠላት እወጋለሁ። አንድ ሰውዬ "በሬዬ አላርስ አለ" ብሎ እየጎተተ አመጣልኝ፤ በሬውንም ወጋሁት! እናንተ ትስቃላችሁ፣ በሬው ግን አልሳቀም። እንቁላሉ፣ ዶሮው፣ ቅቤው ቤቴ ይገባል። ስሄድ በበቅሎ ነው። የወጋሁት ሰው ቢያብጥና ቢመግልስ? መልስ አለኝ። "ምች መቶህ ነው! ተወግተህ ፀሐይ ላይ አልወጣህም?" እለዋለሁ። ፀሐይ ላይ ያልወጣ ማን አለ? ስለዚህ ሁልጊዜ ትክክል ነኝ። ጌታ ሆይ፣ ስንቱን ታገስከኝ!

እንግዲህ ወደ አማቴ ልምጣ። እዚያ ጋ፣ ከምሰሶው አጠገብ ተቀምጠዋል። ይኸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት፣ አያችሁ? እናንተ እማማ ጫልቱ ትሏቸዋላችሁ። እኔ ስማቸውን አልጠራም፤ ሃርሜ፣ እናቴ፣ ነው የምላቸው። ቤታቸው ገፈርሳ ነው፣ ከውሃው በላይ። በአገራችን አማትና አማች እንዴት እንደሚከባበሩ ለእናንተ አልነግርም። አንቱ እላቸዋለሁ፣ አንቱ ይሉኛል። እሳቸው በፊት በር ሲገቡ እኔ በጓሮ እወጣለሁ። አሥራ አንድ ዓመት አማቻቸው ሆኜ ፊታቸውን አንድ ቀን ደኅና አድርጌ አይቼው አላውቅም ነበር።

አንድ ክረምት ሳል ያዛቸው። ደረታቸው ተዘጋ፣ ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ብርቄ "በሰበታ በኩል ወዳለው የሚሲዮን ክሊኒክ እንውሰዳት" አለችኝ። ተቆጣሁ። "ቤት ውስጥ ዶክተር እያለ? ሰው ምን ይለኛል?" መርፌዬን ቀቀልኩ። ግን እንዴት ይሁን? የአማት ገላ እንዴት ይታያል? መላ ፈጠርን። እሳቸው መደብ ላይ ተኙ። ብርቄ ከቀሚሳቸው በላይ ጣቷን አድርጋ "እዚህ ጋ" አለችኝ። እኔ ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ፣ እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ፣ ከነልብሳቸው ወጋኋቸው። አያችሁልኝ ጨዋነቴን? ሳላይ ሰው መውጋት ክብር መስሎኝ!

"ኧረ እግሬን!" ብለው ጮኹ። መብረቅ እንደወረደበት እግራቸው ተንዘፈዘፈ። እኔ ዘወር እንኳ ሳልል "መድኃኒቱ ሲሠራ ነው ሃርሜ" አልኩ።

ሳሉ ለቀቃቸው። እግራቸው ግን ቀረ። በማግስቱ ሲነሱ ቀኝ እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ በታች አልታዘዝ አለ። ጣቶቹ መሬት ይጎተታሉ፤ ይደናቀፋሉ፤ ይወድቃሉ። እኚህ ሴት ቅቤያቸውን አዝለው ገበያ የሚወጡ፣ ሲመለሱም ማንንም የሚቀድሙ ነበሩ። እኔ ምን አልኩ? ገምቱ! "ምች ነው" አልኩ። ወር ሙሉ ምች ነው አልኩ። በቅቤ አሳሸሁ፣ ዳማከሴ አስጨመቅሁ። ብርቄ የገዛ ጣቷን እያየች ታለቅሳለች። "ያሳየሁህ እኔ ነኝ" ትላለች። እሷ ያላጠፋችውን ስትናዘዝ እኔ ያጠፋሁት ከምች አልወርድም አልኩ።

በመጨረሻ ብርቄ ወንድሞቿን ጠርታ እናቷን በቃሬዛ ወደ ሚሲዮኑ ክሊኒክ አስወሰደች። እኔ ካፖርቴን አውልቄ ከኋላ ተከተልኩ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፣ አማርኛው ግን ከእኔ ይሻላል። እግራቸውን አነሳና ለቀቀው፤ ወደቀ።

"መርፌ ተወግተው ነበር?" አላቸው።

"አዎ።"

"ማነው የወጋዎት?"

እኔ በሩ ጋ ቆሜአለሁ። ፈቃድ የሌለው መርፌ ወጊ ከተያዘ መጨረሻው እስር ቤት እንደሆነ አውቃለሁ። አማቴ ቀና እንኳ ሳይሉ "አላውቀውም። ገበያ ያገኘሁት መንገደኛ ነው" አሉ።

ውሸት ኃጢአት ነው፣ አውቃለሁ፤ ሽማግሌዎች እንዲህ አትዩኝ። ግን ወንድሞቼ፣ በእኔ እጅ እግራቸውን ያጡ ሴት እኔን ሸሸጉ! ወጥቼ ከክሊኒኩ ጀርባ አንድ ባሕር ዛፍ ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ ተመልሼ ገባሁና "ሐኪም፣ እኔ ነኝ። ምችም መንገደኛም አይደለም። እኔ ነኝ የወጋኋቸው" አልኩ።

አልጮኸብኝም። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። "እግር የሚያዝዘውን ነርቭ ነው የወጋኸው" አለኝ። "ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። ከተመለሰም ዓመት ያልፈዋል። እስከዚያ እግሩ ተንጠልጥሎ ከቀረ ይደርቅና ለዘላለም አይረግጡበትም።" ወረቀት አወጣና ሣለልኝ። ረጅም ጫማ ነው፣ ከፊት ለፊቱ የእግሩን ጣቶች ወደ ላይ ስቦ የሚይዝ ጠፍር ያለው። "ይህን የሚሰፋ ሰው ፈልግ። መርፌህን ደግሞ እዚህ አስቀምጠው" አለኝ። አስቀመጥኩት።

በቡራዩ ቆዳ የሚሰፉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ኦቦ ነገዎ፣ አሁን በጌታ ዕቅፍ ያሉት። የድሮውን ታውቁታላችሁ። ፋቂ ይባሉ ነበር። ሰው ጫማውን ያሰፋቸዋል እንጂ በዋንጫቸው አይጠጣም። እኔ፣ ዶክተሩ፣ ያንን ሁሉ ዓመት ከእሳቸው አሥር እርምጃ ርቄ ስቀመጥ አንድ ቀን ደኅና አደሩ ብያቸው አላውቅም። ያን ዕለት ወረቀቴን ይዤ ፊታቸው ተገተርኩ። "ኮቱ፣ ታኢ" አሉኝ፤ ና ተቀመጥ። ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ሥዕሉን አይተው እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ይንቀጠቀጣል።

"ለዚህ የሚሆን እጅ የለኝም" አሉ። "አንተ ትሰፋለህ፤ እኔ አሳይሃለሁ።"

"እኔ? የገበሬ ልጅ ቆዳ ልስፋ?"

ሳቁ። "በሬውን ከወጋህ በኋላ ነው ክብር የምታወራልኝ? በል ሂድ፣ እግራቸውን ለክተህ አምጣ።"

"መለካቱ ይቅር፤ እግራቸው የብርቄን ያህል ነው፣ በግምት…"

አሁን ቆጣ አሉ። "በግምት ወግተህ አየኸው አይደል?" ከዚያ ከቆዳው ቁርጥራጭ መሐል መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አውጥተው፣ ጌታችን ተንበርክኮ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን አነበቡልኝ። "አሳልፎ የሚሰጠውም ሰው እኮ እዚያ ተቀምጦ ነበር፤ የእሱንም አጠበ" አሉኝ። እኔ የማውቀው ሰው ብድግ የሚልለትን ጌታ ነበር። የሚንበረከክ ጌታ እንዳለ ያን ቀን ሰማሁ። ሃሌሉያ!

ገፈርሳ ወጣሁ። አማቴ "እንቢ" አሉ። "ነውር ነው! አማች የአማቱን እግር ሊይዝ? ኧረ ሰው ምን ይላል!" እግራቸውን ቀሚሳቸው ሥር ደበቁት። እኔ ተንበረከክሁ። "ሃርሜ፣ ፊቴን አዙሬ ነው ያጠፋሁት። ዛሬ ልይዎት" አልኩ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉና እግራቸውን ቀስ ብለው አወጡልኝ። ቀዝቃዛ ነው። ተረከዙ ተሰነጣጥቋል። ባለቤቴን አዝለው ያሳደጉበት እግር ነው። በሁለት እጄ ይዤው ማልቀስ ጀመርኩ፤ መለካቱም ጠፋኝ።

"ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

ከነጠላው ውስጥ ሆነው "ያኔውኑ ይቅር ብዬዎታለሁ። እስኪጠይቁኝ ነው የጠበቅሁት" አሉኝ።

በቀጥታ ወደ ኦቦ ነገዎ ወረድኩ። "እኚህ ሴት እንዲህ ይቅር ካሉኝ፣ ያ ያነበቡልኝ ጌታማ እንዴት ይሆን? ጸልዩልኝ" አልኳቸው። እዚያው ቆዳው ላይ ተንበርክኬ ጌታን ተቀበልኩ። ክብር ለስሙ ይሁን! ከዚያ ቀን ጀምሮ በመርፌ ፈንታ ወስፌ ያዝኩ።

ቀላል ነበር አልላችሁም። "ዶክተሩ ፋቂ ሆነ" ተባለ። ሱሉልታ ሠርግ ተጠርቼ የገዛ ታላቅ ወንድሜ ዋንጫዬን ለብቻው አደረገው። አመመኝ። ኦቦ ነገዎ ዕድሜያቸውን ሙሉ ምን ሲውጡ እንደኖሩ የገባኝም ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ጫማዬ ደግሞ ጉድ ነበር፤ ተረከዛቸውን ላጠው። አማቴ አልተነፈሱም፤ ብርቄ ናት የነገረችኝ። ፈታሁት። ሁለተኛው ሰፋ፣ እንደ ጆንያ። በሦስተኛው ከመኪና ጎማ ላስቲክ ቆርጬ ጠፍሩ ላይ ሰፋሁበት፤ እግሩን ቀጥ አድርጎ ያዘው። ተነሡ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጣታቸው አልተጎተተም! በሩ ላይ ሲደርሱ የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ስጠብቅ ወደ ግቢው አዩና "ብርቄ! ያቺን ላም እንዲህ አድርጎ ያሰራት ማነው?" ብለው ጮኹ። ከዚያ ግቢውን ዞረው ሁሉንም ተቆጡ። እንደዚያ ቀን የሚጣፍጥ ቁጣ ሰምቼ አላውቅም።

እናንተም በየእሑዱ ጸለያችሁላቸው። ዓመት አለፈ፤ ሁለት ወር ተጨመረ። ጫማው አርጅቶ አዲስ ልሰፋላቸው እግራቸውን ይዤ ስለካ አውራ ጣታቸው እጄ ውስጥ ተነቃነቀች። "ሃርሜ፣ እርስዎ ነዎት?" አልኩ። "ማን ሊሆን ኖሯል?" አሉኝ፤ ከዚያ ሁለታችንም ጮኽን። ክሊኒኩ ወሰድናቸው። ሐኪሙ "እግርዎን ያንሱ" አላቸው፤ አነሱት። ራሱን ነቀነቀና "በዚህ ዕድሜ እንዲህ ይመለሳል ብዬ አልጠበቅሁም። እግዚአብሔርን አመስግኑ" አለን። ይኸው እያመሰገንን ነው! ዋቃዮ ገለታ፣ ምስጋና ለእግዚአብሔር!

ዛሬ ብርድ ሲሆን ትንሽ ያነክሳሉ እንጂ ያለ ጠፍር ነው የሚሄዱት። ተራ ጫማ ይበቃቸዋል ከተባለ ቆየ። ግን ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ? በየጊዜው ቡራዩ ይመጡና "ይኼኛው ጠበበኝ" ይሉኛል። አይጠብም! የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ብርቄ አልጋቸው ሥር ሰባት ጥንድ ጫማ አገኘች። "እማ፣ ይኼ ሁሉ ምን ያደርግልሻል?" ብትላቸው፣ "አንቺ ደግሞ! ከልጄ ጋር ደኅና አድርጌ የማወራው እግሬን ሲለኩኝ አይደል?" አሏት።

ወገኖቼ፣ ጎድታችሁት የምትሸሹት ሰው ካለ፣ በጓሮ አትውጡ። ፊታችሁን መልሱ። ጌታ ያንን ጉልበት ይሰጣል፣ እመኑት፤ እንደ እኔ ባለው ዋሾ ካላፈረ በማን ሊያፍር ነው? ዛሬ ወደ እሱ መምጣት የሚፈልግ ካለ ከጉባኤው በኋላ አብረን እንጸልያለን፤ በሩ ጋ አለሁ።

እኔ ልቀመጥ። ሃርሜ፣ ነገ ጠዋት ይምጡ፤ ቀስ ብዬ ነው የምለካዎት።