የአዴ ሀሊማ ጨፌ

ባለፈው ሳምንት ሂርና ላይ አንድ ሰው ስጠብቅ፣ መንገድ ዳር የውሃ ቦይ የሚቆፍሩ ሠራተኞች ጥቁር ጭቃ በአካፋ ወደ ላይ ይወረውሩ ነበር። የበሰበሰ ሣር ይሸታል፤ ትንሽ ዝገት ዝገትም ይላል። አጠገቤ የቆመችው ሴት አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፈነች። እኔ ጠጋ ብዬ ሽታውን ሳብኩት። አዴ ሀሊማ ትዝ አሉኝ።

አዴ ሀሊማ ጭሮ ውስጥ ከሰፈራችን በታች፣ ጨፌው ዳር ይኖሩ የነበሩ ጎረቤታችን ናቸው። ጨፌ የምንለው ከቤቶቹ ጀርባ የተኛውን ሰፊ ረግረግ ነው። ከላይ ቄጠማ፣ ከሥሩ ለስንት ዘመን ሣር በሣር ላይ ሲበሰብስ የተጠራቀመ ጥቁር አፈር ነበረው፤ አንድ ጥግ ስትረግጡት ሌላው ጥግ ይንቀጠቀጣል። በጋ ገብቶ ቧንቧው ጭጭ ሲል፣ ከጨፌው ግርጌ የምትወጣው ምንጭ ግን አትደርቅም። ሰፈሩ በሙሉ ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ እዚያ ይሰለፋል። ያንን ውሃ ይዞ የሚያቆይልን ጨፌው መሆኑን አዴ ሀሊማ ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁ ነበር።

ቀጭን፣ ረጅም ሴት ነበሩ። ድሪያ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሸብ አድርገው፣ በአረንጓዴ ፕላስቲክ ጫማ ይገቡና ለበዓል የሚሆነንን ቄጠማ ያጭዳሉ። አንዱን ረድፍ አጭደው ቀጣዩን ይተዉታል። “ራቁቱን ካስቀረሽው ፀሐይ ይጠጣዋል” ይሉኝ ነበር። እኛን ልጆች ጨፌው ውስጥ ካገኙን ግን ምላሳቸው አይጣል ነው። “እናትሽ ልጅ ተርፏታል እንዴ?” ብለው ከሰደቡኝ በኋላ ከፊት ይቀድማሉ፤ “እግሬ ያረፈበት ላይ ብቻ እርገጪ።” ውስጥ ለውስጥ የሚሄደውን ጠንካራ መሬት ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ሰው እዚያ ገብቶ ቢሰምጥ ነውሩ የራሳቸው ይመስላቸዋል።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ መንገዱ መጣ። ከባድ መኪናዎች ከተማ ሳይገቡ የሚያልፉበት ሰፊ አስፋልት ነው ተባለ፤ የሚያልፈውም በጨፌው ላይ ነው። መንገዱ ጨፌውን እንዲተው የሚለምነውን ማመልከቻ የጻፍኩላቸው እኔ ነበርኩ፣ በደብተር ወረቀት። መንገዱን ወደሚያሠራው ቢሮ አብሬያቸው ሄድኩ። ኃላፊው በትሕትና ተቀበለን፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ያ ትሕትናው ነው።

“እማማ፣ ባዶ መሬት እኮ ነው። ማን ይኖርበታል?” አላቸው።

“ውሃ” አሉ አዴ ሀሊማ።

ወረቀቱን ፋይል ውስጥ አስገብቶ አመሰገናቸው።

ረግረጉ ከመጠን በላይ ጥልቅ ሆኖ ከተገኘ መንገዱ በኮረብታው በኩል ሊዞር ይችላል የሚል ወሬ ነበር። ቀያሾቹ የመጡ ቀን ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። አዴ ሀሊማ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ “ይግቡ፤ በዓይናቸው ይዩት” አሉኝ። አንድ ወጣት ቀያሽ ገባ። ብዙም ሳይርቅ እስከ ወገቡ ሰመጠ። ባልደረቦቹ ዳር ላይ ሆነው ይጯጯሃሉ፤ የልጁ ፊት አመድ ሆኗል።

ገመድ እስኪመጣ ዝም ብለው ቢቀመጡ ጨፌው ራሱ ይመሰክርላቸው ነበር። አልቻሉም። ዱላቸውን አንስተው ገቡና “አብሽር ልጄ፣ አብሽር” እያሉ አወጡት። ከዚያም እኛን እንደሚያሻግሩን፣ እግራቸው ያረፈበትን እያስረገጡ ከዳር እስከ ዳር አሻገሩት። ልጁ ማዶ ሲደርስ ዞር ብሎ የመጣበትን መሬት ረጅም ሰዓት አየው።

በማግስቱ ቀይ የተቀቡ ችካሎች በዚያው መስመር ተተክለው አገኘን።

ወደ ቤታቸው ሮጥኩ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

“እኔው ነኝ ያሳየኋቸው” አሉኝ።

“ለምን አወጡት?” አልኳቸው። ልጅ ነበርኩ፤ ተናድጄም ነበር።

“የሰው ልጅ እኮ ነው። ምን ላድርግ፣ አንቺ?”

 

መኪናዎቹ ድንጋይ ሲገለብጡ ከረሙ። ቄጠማው ቢጫ ሆነ፤ ጥቁሩ አፈር ደርቆ ተሰነጣጠቀ፤ በሁለተኛው በጋ ምንጯ ጠፋች። አዴ ሀሊማ ከውሃ ቦቴ ለመቅዳት ወረፋ ይዘው አየኋቸውና ሰላም ሳልላቸው በሌላ ቅያስ ዞርኩ። አፍሬ ነው። ለምን እኔ እንዳፈርኩ አላውቅም፤ ማፈር የነበረበት ሌላ ሰው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሞቱ፤ ቀብራቸው ላይ እንኳ አልደረስኩም።

መንገዱ አሁን ያረጀ ይመስላል። ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ መጥቶ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ወደ ግራ ይታጠፍና መልሶ ይቃናል። አንድ ጊዜ ከሚኤሶ ስመለስ ሾፌሩ መሪውን እየጠመዘዘ፣ “ይሄን የቀየሰው ሰክሮ ነው እንዴ?” አለ፤ ተሳፋሪው ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። እዚያ ጋ ከሁሉም የከፋው ማጥ ነበር። አዴ ሀሊማ የወጣቱን ቀያሽ እጅ ይዘው በዚያ በኩል አዙረውታል።