የአንድ ሰው ማሽን

ሁለቱን እህትማማቾች ሰፈሩ የሚያውቃቸው ትልቋና ትንሿ እያለ ነው። ትንሿ ከትልቋ በአንድ ራስ ትረዝማለች፤ ሃምሳንም ካለፈች ሰንብታለች። ግን በልጅነት የወጣላት ስም አብሯት አደገና ፀጉሯ ሸብቶም ያው ትንሿ ናት። መተዳደሪያቸው ካርድ ነው፤ የሠርግ ጥሪ፣ የልደት፣ የምርቃት፣ የምስጋና። መስኮቷ ወደ ደረጃው በሚያይ አንዲት ክፍል ውስጥ ወረቀት ይቆርጣሉ፣ ያጥፋሉ፣ ይለጥፋሉ። ከሁሉም በላይ የሚታወቁት ግን በኢምቦስ ነው። ወረቀቱን በማሽን ተጭነው አበባውን፣ ሐረጉንና ፊደሉን ከፍ አድርገው ያወጡታል፤ ሰው ካርዱን ሲቀበል ከማንበቡ በፊት በጣቱ ይዳብሰዋል።

ማሽናቸው ሁለት ሰው የሚፈልግ ነበር። ትንሿ ወረቀቱን አበባው በተቀረጸበት ማተሚያ ቅርጽ መሃል ከትታ፣ ከላይና ከታች በጠንካራ ሰሌዳ አጣብቃ ወደ ሁለቱ ተሽከርካሪ ብረቶች፣ ወደ ሮለሮቹ፣ ታስጠጋለች፤ ትልቋ በጎን ቆማ መዘውሩን ታዞራለች። ትንሿ «በይ» ትላለች፣ ትልቋ ታዞራለች። መዘውሩ ከልክ በላይ ከከበዳት ትልቋ «አውጪ» ትላለች፣ ትንሿ ትስባለች። ስለ ሥራ የሚነጋገሩት ይኸው ነው። የቀረው ጊዜ ለሐሜት የተለቀቀ ነበር፤ በዚያ ደረጃ የወጣና የወረደ ሁሉ ሳይታማ አያልፍም።

ከዚያ ፋርማሲስቱ መጣ። ሚስቱን በሞት ያጣ፣ ረጋ ያለ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ሰው ነው። የመጣው በሌላ ከተማ ለሚከፍተው መድኃኒት ቤት የጥሪ ካርድ ሊያሠራ ነበር። ናሙናውን አየና ፊደሉ ትንሽ ይነስ አለ። ተመልሶ መጥቶ ትንሽ ይተልቅ አለ። ደግሞ መጥቶ ሐረጉን በአበባ አስቀየረ። ሰውየው የሚያየው ካርዱን ሳይሆን መዘውር የምታዞረዋን ሴት መሆኑ የገባት ትንሿ ናት፤ እህቷንም በቀልድ መግቢያ መውጫ አሳጣቻት። እንዲያውም ሌላ ናሙና ይመልከት እያለች ሰውየውን በሰበብ በአስባቡ የምታመላልሰው ራሷ ነበረች። በገዛ እጇ ነው፣ ማንን ትወቅሳለች? የትልቋን የሠርግ ጥሪ ካርድ ሁለቱ አብረው ሠሩት፤ ከዚያ ትልቋ ሻንጣዋን ይዛ ባሏ ከተማ ገባች። ትንሿ ከልቧ ደስ አላት። ከልቧም ከፋት።

ቤቱ ጭር አለ። ለሁለት ማብሰል የለመደ እጇ ለአንድ መመጠን አቅቶት ምግቡ እየተረፈ ሲደፋ ከረመ። ሬዲዮኑን ከጠዋት ጀምራ ትከፍተዋለች፤ ምን እንደሚል ግን አትሰማውም። ደረጃው ላይ ሰው ካገኘች ወሬ እያስረዘመች ገትራ ታቆመዋለች። ያቺ ድሮ ሁሉንም አንድ በአንድ ስታማ የኖረች ሴት ዛሬ የያዘችውን አትለቅም። ደግሞስ አብሯት የሚያማ ከሌለ ሐሜቱ ራሱ ምን ጣዕም አለው? ብቸኝነት ነበር፣ ሌላ ስም የለውም። እህቷ ደውላ እንዴት ነሽ ስትላት ግን አለሁ፣ ሥራው ፋታ አልሰጠኝም ትላት ነበር።

ትልቋ ስትሄድ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች መዘውሩን እንደምታዞር ቃል ገብታለች። ቅዳሜ ግን የመድኃኒት ቤቱ ገበያ የሚደራበት ቀን ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ዕቃ ገባ፣ ዛሬ ቆጠራ ነው፣ ዛሬ እሱን ጉንፋን ይዞታል፤ ቅዳሜው እንዲህ እንዲህ እያለ አለፈ።

ትዕዛዝ ደግሞ ሰው የላትም ብሎ አያዝንም። አንዲት አስተማሪ ልጇን ልትድር ነበርና የጥሪ ካርዱን ለትንሿ ሰጠች። ትንሿ በግራ እጇ እያስገባች በቀኝ እጇ ልታዞር ሞከረች። ቅርጹ አልጎላ ሲላት፣ እንደ ልማዳቸው ከሥሩ አንድ ወፍራም ወረቀት ደረበችበት። አሁንም ደበዘዘባት፤ ሌላ ደረበች። ድሮ ቢሆን እዚህ ላይ ትልቋ «አውጪ» ትላት ነበር። የመዘውሩን ክብደት የሚያውቀው የትልቋ ክንድ ነው። ትንሿ ዕድሜዋን ሙሉ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነበርና ምን ያህል ሲከብድ በዛ እንደሚባል አታውቅም። ጥርሷን ነክሳ ገፋችው። ከውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለና መዘውሩ ባዶውን ዞረ። የሮለሩ ጥርሶች ረግፈዋል። ያስጠራችው የማሽን ጠጋኝ አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ የዚህ ማሽን መለዋወጫ ድሮ መቅረቱን ነገራት።

እንግዲህ ያላት ምርጫ አዲስ ማሽን መግዛት ወይም ሥራውን መተው ነው። ሥራውን ከተወች በዚያ ክፍል ውስጥ ምን እያየች እንደምትውል አሰበችና ፈራች።

የወረቀትና የእጅ ሥራ ዕቃ የሚሸጠው ሱቅ መሃል ገበያ፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ባለሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሬን ያየ እያለ የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነው፤ ወሬ አያልቅበትም። ሦስት ማሽን አወጣላት። አንደኛው ትንሽዬ፣ ቀላል፣ ከጠረጴዛ ጋር በጎማ የሚጣበቅ ነው። በስንዝሯ ለካችውና የሠርግ ካርድ እንደማይገባበት አይታ ገፋ አደረገችው። ሁለተኛው ሰፊና ከባድ፣ ባለመዘውር ነው። ሮለሮቹን በጥፍሯ መታ መታ አድርጋ ደንበኛ ብረት መሆናቸውን አረጋገጠች፤ ወደደችው። ሦስተኛው በመብራት የሚሠራ ነው። ቁልፉን ሲጫኑት ሰሌዳውን ራሱ ስቦ ያስገባና በወዲያኛው በኩል ያወጣዋል። ባለሱቁ የዚህኛውን ሙያ ሲዘረዝር ትንፋሽ አጠረው፤ ጭነት ከበዛበት ራሱ ቆሞ ወደ ኋላ እንደሚመልስም ነገራት። ትንሿ ይህን ስትሰማ ተናደደች። «አውጪ» ማለትንም ማሽን ተማረው?

ባለመዘውሩን ልሞክረው አለች። ባለሱቁ ወረቀትና የጽጌረዳ ቅርጽ አቀበላት። ወረቀቱን አስተካከለች፣ በሰሌዳ አጣበቀች፣ ወደ ሮለሮቹ አስጠግታ በሁለት እጇ ደግፋ ያዘች።

«በይ» አለች።

ከዚያ ጠበቀች። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ እንደተተከለ፣ አጎንብሳ፣ ሰሌዳው እስኪሳብላት ጠበቀች። ባለሱቁ እሷን አየ፣ ማሽኑን አየ፣ ከኋላዋ የቆመ ሰው እንዳለ ዞር ብሎ አየ። ማንም የለም። ምን እንዳለችው በትሕትና ሲጠይቃት ነው የነቃችው። ጆሮዋ ድረስ በእፍረት ጋለች። ምንም አላልኩም ብላ አንድ እጇን ከሰሌዳው ላይ አንስታ መዘውሩን ራሷ አዞረችው። ጽጌረዳው ግማሹ ጎልቶ ግማሹ ጠፍቶ ወጣ፤ በአንድ እጅ የተያዘው ሰሌዳ ተንሻፎ ነበር የገባው።

ወደ በሩ ፈቀቅ ብላ ለእህቷ ደወለች። ከስልኩ ጀርባ የሳል ሽሮፕ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ይሰማል። ትንሿ የማሽኖቹን ነገር ነገረቻት፤ ጽጌረዳው ላይ የሆነውን ግን ዘለለችው።

«ባለመዘውሩን ግዢ እንጂ፣ ምን ጥያቄ አለው» አለች ትልቋ። «ቅዳሜ እየመጣሁ አዞርልሻለሁ አላልኩሽም?»

«እሺ እትዬ» አለች ትንሿ። እሺ ማለት እንዴት እንደሚጥም! ተመለሰችና ባለመዘውሩን ጠቅልልኝ አለችው። ባለሱቁ ካርቶኑን ከመደርደሪያ እያወረደ፣ ይህ ማሽን ሰፊ ስለሆነ አንድ ሰው ሲያስገባ ሌላው ቢያዞረው እንደሚሻል አጫወታትና እግረ መንገዱን ጠየቃት። ሰውየው ክፉ አላሰበም።

«ማን ነው የሚያዞርልዎት?»

ትንሿ እህቴ ልትል አፏን ከፈተች። ያለፉት ቅዳሜዎች ሁሉ ያን ጊዜ ትዝ አሏት፤ ወረቀት ደርድራ፣ በደረጃው የሚወጣውን ኮቴ ሁሉ እያዳመጠች የዋለችባቸው። ኮቴው ሁልጊዜ በሯን አልፎ ወደ ላይኛው ፎቅ ይሄድ ነበር።

«ተወው» አለችው። «የመብራቱን አድርገው።»

ማሽኑስ፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ጎበዝ ነው። የአስተማሪዋ ካርድ በሰዓቱ ደረሰ፤ ሐረጉ እንዲህ ጎልቶ ወጥቶ አያውቅም። አስተማሪዋ ሁለት ጎረቤቶቿን ደንበኛ አድርጋ አመጣችላት። ትንሿ ከጠዋት እስከ ማታ ቁልፍ እየተጫነች ትሠራለች፤ ማሽኑ እዝዝ ይላል፣ ይስባል፣ ያወጣል። ደክሞኛል የሚለው፣ ታዲያ ምን ሰማሽ የሚለው ሰው ብቻ የለም። ለእህቷ የትኛውን እንደገዛች አልነገረቻትም። ዛሬ ነገ ስትል ቆየች።

አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። ትልቋ ናት፤ ሽርጧን በከረጢት ይዛ፣ ከአውቶቡስ ወርዳ በእግሯ እያለከለከች መጥታለች። ተሳሳሙ። ሰውነትሽ ቀነሰ፣ ያንቺ ጨመረ ተባባሉ። ትልቋ ሳትቀመጥ ሽርጧን ታጠቀች።

«ባሌን ተጣላሁት» አለች እየሳቀች። «እህቴ ብቻዋን ነች፣ ሰው ቅጠር አልኩት። ለቅዳሜ ሰው ቀጠረልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜ ያንቺ ነኝ።»

እጅጌዋን ሰብስባ የድሮ ቦታዋ፣ ከጠረጴዛው ጎን ሄዳ ቆመች። ማሽኑን በዚህ በኩል አየችው፣ አጎንብሳ በዚያ በኩል አየችው።

«መዘውሩ የታለ?»

«የለውም እትዬ።»

«ታዲያ በምንድን ነው የሚዞረው?»

ትንሿ ሰሌዳውን አስጠግታ ቁልፉን ተጫነችው። ማሽኑ እዝዝ አለ፣ ሳበ፣ አወጣ። ትልቋ ካርዱን አንስታ በጣቷ ዳበሰችው። ጥሩ ነው አለች፤ በጣም ጥሩ ነው፣ ደህና ዕቃ መርጠሻል። ከዚያ እጅጌዋን ቀስ አድርጋ ወደ ታች መለሰችው።

የሚታጠፍ ካርድ ጠረጴዛው ላይ ተቆልሏል። ሪባን የሚታሰርለት አለ፣ ፖስታ የሚገባ አለ። ነይ እጠፊልኝ ማለት ብቻ ነበር የቀራት፤ ቃሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ያኮረፈ ሆዷ ግን ቀደመባት።

«ተቀመጪ እትዬ፣ መንገዱ አድክሞሻል። ሻይ ላምጣልሽ።»

ትልቋ ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ሽርጧን ፈትታ ጭኗ ላይ አጣጠፈችው። ትንሿ ወጥ ቤት ገብታ ውኃ ጣደች። ተመልሳ ልትጠራት ፈለገች፣ ምን ብላ እንደምትጀምር ጠፋት። ውኃው ሲፈላ ሻዩን በትሪ አድርጋ፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው ከሥሩ ማስቀመጫ ሰሃን አኑራ አቀረበችላት።

ትልቋ ብርጭቆውን ተቀበለችና «አመሰግናለሁ» አለቻት። ሁለቱ ሴቶች አብረው በኖሩበት ዕድሜ ሁሉ ለሻይ ተመሰጋግነው አያውቁም ነበር።