«ሚስቱ ነበረች»

ከወሰን ወደ መገናኛ በምሄድበት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው «ሰበር ሰሚ ችሎት» ሲል አንድ የልጅነቴ ጠዋት ትዝ አለኝ።

የአክስቴ የጫልቱ ባል ሲሞት፣ ወንድሞቹ «ሰርግ የለ፣ ፊርማ የለ፤ ሚስቱ አልነበረችም» ብለው ከእንጦጦ ሥር ካለው ቤቷ ሊያስወጧት ከሰሷት። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ለእነሱ ፈረዱ። እሷም የመጨረሻው ወደሆነው ወደ ሰበር ሰሚ ችሎት አቤት አለች፤ በመጨረሻው ቀጠሮ እኔን አስከትላ ሄደች።

አዳራሹ ዝናብ የመታው ካፖርት ይሸታል። ጥቁር ካባ የለበሱት ዳኞች ሲገቡ ሰው ሁሉ ተነሳ፤ የሚያስል እንኳን ጠፋ። መሃል የተቀመጡት ሴት ዳኛ ረጅም ነገር አነበቡ። «እንደ ባልና ሚስት» ከሚለው በቀር ምንም አልገባኝም። አክስቴ ጨምድዳ የያዘችውን እጄን ድንገት ለቀቀችው።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ሚስቱ ነበረች አሉ።»

ሽማግሌው ጠበቃዋ ጎንበስ ብለው «እትዬ ጫልቱ፣ ይሄ ፍርድ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ከእንግዲህ በአገሩ ያለ ዳኛ ሁሉ ይከተለዋል» አሏት።

አክስቴን ቀና ብዬ አየኋት። የማላውቃቸው ሴቶች ሁሉ ከኋላዋ የቆሙ መሰለኝ።

ዛሬም እዚያው ቤቷ ውስጥ ናት። በሰፈሩ አንዲት ሴት «አልተፈራረምንም እኮ» ብላ ስታለቅስ ከሰማች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ፍርድ ቤት ድረስ አብራት ትሄዳለች።