የጌታሁን ጨዋ ጃፓናዊት

ዛሬ ጄኔቭ ሙዚየም ውስጥ የእህቴ ባል ጌታሁን ከአንዲት ጃፓናዊት ሥዕል ፊት ቆሞ «የእኛዋ ናት!» ብሎ ሲጮኽ ጥበቃው ደንግጦ መጣ።

እውነቱን ነው። ሥዕሉ በእንጨት ላይ ተቀርጾ የሚታተም ስለሆነ ቅጂው ብዙ ነው። ጌታሁንም በደርግ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሸሽቶ ጄኔቭ ዳር ያለችው ሜራን እንደገባ አንዱን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ ሰቀለው።

ልጁ ሂሩት ጮክ ብላ በሳቀች ቁጥር ወደ ግድግዳው ይጠቁም ነበር። «ሴት ማለት እንዲህ ናት! አንገቷን ደፋ፣ እጇን ሰብሰብ!» ምስኪን፣ ልጅነቷን ሙሉ ከወረቀት ጋር ስትወዳደር አደገች።

ዛሬም ሙዚየሙ ድረስ አብራን ብትመጣ አላረፈም። «አየሽ? እስከ ዛሬ አንገቷን አላቀናችም» አላት።

ሂሩት ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ አነበበችና ሳቅ አፈናት። «አባዬ፣ ይሄ እኮ ወንድ ነው! የካቡኪ ተዋናይ። በዚያ ቲያትር ሴቷንም ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው ይላል።»

ጌታሁን መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። (እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ ደስ ካለኝ ቆይቷል።)

ትራም ውስጥ ስንቀመጥ ግን ነፍስ ዘራ። «ታዲያ ወንዱ እንዲህ ከቻለበት አንቺን ምን አቃተሽ?»

ሂሩት አልዘገየችም። «እሱ ከቻለማ አንተም አያቅትህም።»

አሁን ቤታቸው ነን። ጌታሁን ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ሻይ እያቀረበልን ነው። ሂሩት «ስኳር ረሳህ» ስትለው «እሺ እመቤቴ» ብሎ ወደ ኩሽና ሄደ።

እናንተንስ «እንደ እገሌ ሁኑ» እያሉ ሲያሳድጓችሁ እገሌ ማን ነበር? እገሌስ ኋላ ምን ሆኖ ተገኘ?